ቦቢናው ጋ ሳይደርስ የሚቀረው ቮልት

ሞተር ሳይክሏ የ1975 ሆንዳ ሲቢ 550 ነች (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ማርሚታ (የጭስ መውጫ)። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው የገዛኋት፤ ጋራዣቸው ጥግ ሸራ ለብሳ ዓመታት ተቀምጣለች። ካርቡራተሮቹን አጥቤ፣ ጎማና ባትሪ ቀይሬ ካስነሳኋት በኋላ ግን አንድ በሽታ አልለቃት አለ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ወዲያው ትነሳለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስክወጣ ድረስ ምንም አይላትም። ሞተሩ በደንብ ሲግል መንተፋተፍ ትጀምራለች፣ ጉልበቷ በግማሽ ይወርዳል፣ ትራፊክ መብራት ላይ ካቆምኳት ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ጥላ ሥር አቁሜ ትንሽ ካሳረፍኳት ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች።

የነገርኩት ሰው ሁሉ መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የጠበቀኝ። ግማሹ «ካርቡራተር ነው፣ በደንብ አላጠብከውም» አለኝ። ግማሹ ደግሞ «ፑንቲና የሚባለውን ጣጣ አውጥተህ ኤሌክትሮኒክ ግጠምባትና ተገላገል» አለኝ። (ቦቢና የባትሪውን ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላው የሚልከው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ፑንቲና ደግሞ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋው ትንሽ መገናኛ።) ሁለተኛው ምክር መጥፎ አይደለም፣ በመጨረሻ እኔም ያደረግሁት እሱን ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ብገጥመው ኖሮ ገንዘቤን አውጥቼ ግማሹን በሽታ እዚያው ትቼው ነበር። ይህን የምጽፈው የድሮ ሆንዳ ወይም ያማሃ ይዘው ያንኑ የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ሊያዝዙ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ያለ ወንድሞች ስላሉ ነው።

አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር በልጅነቴ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም። ድምጿን ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ።

«አንተ፣ ይቺ በሁለት ሲሊንደር እኮ ነው የምትሄደው!»

«እኔም መስሎኛል ጋሼ።»

«መስሎኛል ምን ያደርጋል? ማርሚታውን አይተሃል?»

«እንዴት አድርጌ ነው የማየው?»

«ውሃ ጠብ አድርግበታ! የማይንጫጫው እሱ ነው የሞተው። እጅህን እንዳታስገባ ብቻ።»

በማግሥቱ ሞተሯ ግላ መንተፋተፍ ስትጀምር በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ውሃ እየቀዳሁ ከሲሊንደሩ የሚወጡት ቱቦዎች ላይ ጠብ አደረግሁ። አንደኛውና አራተኛው ላይ ውሃው ጢስ ብሎ ጠፋ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቁልቁል ተንሸራቶ ወረደ። መሃል ያሉት ሁለቱ አይሠሩም ማለት ነው።

ይህች ነገር ካርቡራተሩን ነጻ ታወጣዋለች። በሲቢ 550 ላይ አራት ካርቡራተር አለ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ሁለት ካርቡራተሮች በአንድ ደቂቃ ተማክረው አይደፈኑም። ካንዴላ የሚያበራው ክፍል ግን በጥንድ ነው የተሠራው፦ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ሥር ሁለት ቦቢና አለ፣ አንዱ ለ1 እና 4፣ ሌላው ለ2 እና 3። እያንዳንዱ ቦቢና የራሱ ፑንቲናና የራሱ ኮንደንሰር አለው። የ1 እና 4 ሽቦ ሰማያዊ፣ የ2 እና 3 ቢጫ ነው። ጥንዶቹ ካንዴላዎች የሚተኩሱት እኩል ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ጨምቆ ሲጠብቅ ሌላው ጭሱን በማስወጣት ላይ ስለሆነ የእሱ ብልጭታ በከንቱ ይቀራል። እና 2 እና 3 አብረው ከሞቱ፣ ተጠርጣሪው አንድ ቦቢና፣ አንድ ፑንቲና፣ አንድ ኮንደንሰርና በመካከላቸው ያለው ሽቦ ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ፣ ብርሃን ደከም ሲል፣ በቀኝ በኩል ፑንቲናዎቹን የምትሸፍነውን ክብ ክዳን ፈትቼ ሞተሯን አስነሳሁ። ይህን ቀን ላይ ብታደርጉት አይታይም። የግራው ፑንቲና፣ የ1 እና 4፣ በተከፈተ ቁጥር ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ብልጭ ትላለች። የቀኙ ግን ቢጫ ሆኖ ይረጫል፣ ሞተሩ እየጋለ በሄደ ቁጥር ደግሞ ብልጭታው እየረዘመ ይመጣል። እንዲህ ያለ ፑንቲና ኮንደንሰሩ ሊሞት ነው። የኮንደንሰሩ ሥራ ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት የሚዘለውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ መያዝ ነው፤ ያኔ ቦቢናው ውስጥ ያለው መስክ በድንገት ይወድቅና ከፍተኛው ቮልት ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ኮንደንሰሩ ካፈሰሰ ኤሌክትሪኩ ፑንቲናው ላይ እየተቃጠለ ያልቃል፣ ካንዴላው ጋ የሚደርሰው ቅሪት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያንኑ ኮንደንሰር ፈትቼ ቀዝቃዛ ሆኖ በቴስተር ስለካው ጤነኛ ነበር፣ ሩብ ማይክሮፋራድ ገደማ፣ መሆን ያለበት። ቴስተሩ አይዋሽም፣ ግን የሚለካው በጥቂት ቮልት ነው። ሥራ ላይ ያለ ኮንደንሰር ፑንቲናው ሲከፈት ከሁለት መቶ ቮልት በላይ ይመጣበታል፣ ያውም ከጋለ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ። ኮንደንሰርን የሚፈትነው ሌላ ኮንደንሰር ነው። የድሮ ቮልስ ያለው ጓደኛ አለኝ፤ ከመለዋወጫ ሳጥኑ አንድ ኮንደንሰር ለመንኩት። ቮልሱም ያው ሩብ ማይክሮፋራድ ገደማ ስለሆነ ለሙከራ ይበቃል። ሞተሯ ግላ መንተፋተፍ ስትጀምር አጠፋኋት፣ የ2 እና 3 ኮንደንሰርን ሽቦ ነቀልኩ፣ የቮልሱን በሽቦ ቆንጥጬ ቢጫው ሽቦ ላይ አንጠለጠልኩ፣ የኮንደንሰሩን ቆርቆሮ ከሞተሩ አካል ጋር አሰርኩ። ተነሳች፣ በአራቱም። ውሃዬን አምጥቼ ጠብ ባደርግ አራቱም ተንጫጩ።

ሁለቱንም ኮንደንሰር ቀየርኩ፣ ፑንቲናዎቹንም አብሬ። የቀኙ ፑንቲና ፊቱ ተቃጥሎ አንዱ ወገን ጉድጓድ፣ ሌላው ወገን ጉብታ ሠርቷል። እንዲህ የሆነውን በሞረድ ፈግፍጎ ለአንድ ሳምንት ማስኬድ ይቻላል፣ ለአንድ ክረምት ግን አይሆንም። አዲስ ስትገዙ ርካሹን አትግዙ፤ ካሙ (እየዞረ ፑንቲናውን የሚከፍተው) ላይ የሚታሸው ጥቁር ተረከዝ ለስላሳ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ተረከዙ ባለቀ መጠን ክፍተቱ ይጠብባል፣ ብልጭታውም ይዘገያል።

ክፍተቱን 0.35 ሚሊ ሜትር አደረግሁ (መጽሐፉ ከ0.3 እስከ 0.4 ይላል)። ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ቅጽበት) በላምፓዲና ነው የማስተካክለው፣ ጋሼ እንዳሳዩኝ፦ የአምፖሉን አንድ ሽቦ ፑንቲናው ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ አካል ላይ፣ ቁልፉን አብርቶ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ፣ ክራንኩን በትልቁ ዳዶ በሰዓት አቅጣጫ ቀስ እያሉ ማዞር። ፑንቲናው ተገጥሞ እያለ አምፖሉ ጠፍቶ ይቆያል፣ በተላቀቀበት ቅጽበት ይበራል። መብራት ያለበት «ኤፍ» የሚለው ምልክት ከመስመሩ ጋር ሲገጥም ነው። መጀመሪያ 1 እና 4፣ ፑንቲናዎቹ የተቀመጡበትን ትልቁን ሰሌዳ እያዞሩ። ቀጥሎ 2 እና 3፣ ትንሿን ሰሌዳ እያንቀሳቀሱ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ትልቁ ሰሌዳ ሲዞር ትንሿም አብራው ስለምትሄድ ሥራው እንደገና ነው።

መንተፋተፉ በዚህ አበቃ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ያላቆምኩት የፊት መብራት አብርቼ በዳገት ስሄድ አሁንም የሆነ ድካም ይሰማኝ ስለነበር ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ በስታርተር ስትነሳ ታመነታለች። ሥራዬ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ጥገና ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቴስተር ይዤ ነው የምውለው፣ እና ማመንታት ስሰማ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቮልት ነው።

ሰልባትዮውን አውርጄ፣ ቁልፉን አብርቼ፣ ፑንቲናዎቹ የተገጠሙበት ቦታ ላይ አቆምኩ። ፑንቲናው ካልተገጠመ ቦቢናው ኤሌክትሪክ አይስብም፣ ሽቦው ጭነት ከሌለበት ደግሞ ሁሌም ጤነኛ መስሎ ነው የሚለካው። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት። ቦቢናው ላይ፣ ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ጥቁርና ነጭ ሽቦ ላይ፣ 10.6። ሁለት ቮልት ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ላይ ጠፍቷል።

መንገዱ ረጅም ነው። ከባትሪው ወደ 15 አምፔሩ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ ቁልፉ ማብሪያ፣ ከዚያ የፊት መብራቱ ቆርቆሮ ውስጥ ወዳሉት ማገናኛዎች፣ ከዚያ መሪው ላይ በቀኝ ወዳለችው ማጥፊያ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰልባትዮው ሥር። ሃምሳ ዓመት የቆየ እያንዳንዱ መገናኛ ትንሽ ትንሽ ይቆነጥራል። የቴስተሩን አንድ እግር ከመገናኛው በፊት፣ ሌላውን በኋላ እያደረግሁ ተከተልኩት፦ የፊውዙ መያዣ ላይ ግማሽ ቮልት፣ ቁልፉ ላይ 0.6፣ ማገናኛዎቹ ላይ 0.2፣ ማጥፊያዋ ላይ ሌላ 0.6። ደምሩት፣ የጠፋው ሁሉ ተገኝቷል።

ማጥፊያዋን ስከፍታት ውስጧ የደረቀ ጥቁር ግራሶ ነበር፤ መዳቡ ላይ የአበባ ዱቄት የመሰለ አረንጓዴ ተጋግሯል። ስትከፍቱ ከላይ ጨርቅ ዘርጉ፣ ምክንያቱም ከሥሯ የሩዝ ፍሬ የምታክል ስፕሪንግ አለች፣ ከተፈናጠረች ደህና ሁኚ ነው። በነሐስ ብሩሽና በኮንታክት ክሊነር አጥቤ፣ በስሱ አዲስ ግራሶ ቀብቼ መለስኳት። የመስታወት ፊውዙን መያዣ ግን አላጠብኩትም፣ አውጥቼ በዘመናዊ የምላጭ ፊውዝ ተካሁት፤ የመስታወቶቹ ጥርሶች አንዴ ጉልበታቸውን ከለቀቁ ቢያጥቧቸውም አይጨብጡም። በዚህ ብቻ ቦቢናው ላይ 11.6 ደረሰ።

የቀረውን የፈታው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ነው፣ ባለ አራት እግር፣ ማንኛውም የመኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው። ያ ጥቁርና ነጭ ሽቦ ቦቢናውን መመገቡን ትቶ የሪሌውን 86 ቁጥር እግር ብቻ እንዲቀሰቅስ አደረግሁ፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ። 30ን በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪ አመጣሁ፣ 87ን ወደ ሁለቱም ቦቢናዎች። ቁልፉም ማጥፊያዋም እንደ ድሮው ይሠራሉ፣ ግን አሁን የሚሸከሙት ሪሌውን የምትስበዋን ኢምንት ኤሌክትሪክ ነው። ቦቢናው ላይ 12.3።

«ለአንድ ነጥብ ሰባት ቮልት ይህ ሁሉ ልፋት?» የሚል ካለ፦ ቦቢና ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት የሚሄደው በኤሌክትሪኩ መጠን ስኩዌር ነው። ከ12.5 ወደ 10.6 መውረድ በቮልት ሲታይ 15 በመቶ ነው፣ በብልጭታው ጉልበት ግን 28 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ስታርተሩ ባትሪውን ሲጎትተው ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። እኔ ይህን ባላስተካክል ኖሮ ኤሌክትሮኒኩም የሚያገኘው ያንኑ የተበላ ቮልት ነበር። እንዲያውም እሱ ከፑንቲና ይልቅ ስለ ቮልት መራጭ ነው።

በነገራችን ላይ የካንዴላ ኮፍያዎቹንም ለኩ። ውስጣቸው 5 ኪሎ ኦም መከላከያ አለ። ከእኔ አንዱ 14 ኪሎ ኦም ሆኖ ተገኘ። ኮፍያው እንደ ቪቴ እየዞረ ስለሚወጣ የሽቦውን ጫፍ ትንሽ ቆርጦ አዲስ ኮፍያ ማጥበቅ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ቦቢናዎቹን ግን አልቀየርኳቸውም። ወደ 4.7 ኦም ነው የሚለኩት፣ ጤነኞች ናቸው። ባለ 3 ኦም ቦቢና የሚገጥሙ አሉ፤ ያ ለእያንዳንዱ ቦቢና ከ2.6 አምፔር ወደ 4 አምፔር ያስወጣል፣ የዚች ሞተር ዳይናሞ ደግሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጧት ቆማ ስትዞር) ላይ ብዙ የሚሰጥ አይደለም። ከተማ ውስጥ መብራት አብርቶ ለሚነዳ ሰው አልመክርም።

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒኩ። ፑንቲናን የሚሰድቡት ሰዎች አይገቡኝም፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1910 ካዲላክ ላይ ያደረገው ሐሳብ ነው ሃምሳ ዓመት የሞላትን ሞተር ዛሬም የሚያስኬደው። ግን ሆንዳ ራሱ በ1979 አዲሱን ሲቢ 750 ሲያወጣ ትቶታል፣ ምክንያቱም ተረከዝ ያልቃል፣ ክፍተት ይለወጣል፣ ባለቤቱም ይሰንፋል። እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ያማረጥኩት ከሁለት ነው። አንደኛው ፑንቲናውን እዚያው ትቶ ከባዱን ኤሌክትሪክ በትራንዚስተር የሚያስተላልፈው ነው፤ ፑንቲናው አይቃጠልም፣ ተረከዙ ግን ማለቁ አይቀርም። ሁለተኛው ፑንቲናውን አውጥቶ በማግኔትና በማግኔቱ በሚነቃ ሴንሰር የሚተካው ነው። ሁለተኛውን፣ ዳይና ኤስ የሚባለውን መረጥኩ። ሁሉም ነገር እዚያችው ክብ ክዳን ሥር ይገባል፣ ሦስት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፦ ቀዩ ከሪሌው የሚመጣውን 12 ቮልት ይወስዳል፣ ሁለቱ ወደ ሁለቱ ቦቢናዎች ይሄዳሉ።

ዳይና ኤስ የራሱ አድቫንስ የለውም። ብልጭታው ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ቀድሞ እንዲመጣ የሚያደርጉት ከሰሌዳው ጀርባ ያሉት ሁለት ክብደቶችና ሁለት ስፕሪንጎች ናቸው፣ የ1975ቶቹ። ሰው አዲሱን ሳጥን ገጥሞ «ሚኒሞው አልወርድ አለ» ብሎ ካርቡራተሩን መፍታት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእኔንም ሳወጣው ክብደቶቹን በጣቴ ስከፍታቸው ተከፍተው ቀሩ፤ ቀስ ብለው፣ እንደሰነፈ ሰው፣ ነው የተመለሱት። ካሙና ዘንጉ መካከል ያለው ግራሶ ወደ ማስቲሽ ተለውጧል። በቤንዚን አጥቤ ስስ ግራሶ ቀባሁት። ስፕሪንጎቹን ደግሞ አየኋቸው፦ ክብደቶቹ ሲዘጉ አንዷ ላላ ብላ ትንቀጠቀጣለች። ተዘርግታለች ማለት ነው፣ በሚኒሞም ሞተሩ አድቫንስ ያደርጋል። ሁለቱንም ቀየርኳቸው። ከዚያ በኋላ ክብደቶቹ ስለቃቸው «ጣ» ብለው ነው የሚዘጉት። ነዳጁን ስለቅ ወዲያው የማትወርደው ነገር ለካ ካርቡራተር አልነበረም።

ማግኔቱን በካሙ ቦታ አስገብቼ፣ ሰሌዳውን አስሬ፣ መጀመሪያ በላምፓዲና፣ ቀጥሎ በስትሮብ መብራት አስተካከልኩ። ስትሮቡን አትዝለሉት። በሚኒሞ «ኤፍ» ምልክቱ ላይ፣ ከ2,500 ዙር በላይ ደግሞ ጎን ለጎን ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ መቆም አለበት። በሚኒሞ ትክክል ሆኖ ላይ ሲደርስ ካለፈ ወይም ካልደረሰ ችግሩ ክብደቶቹ ጋ ነው እንጂ ሳጥኑ ጋ አይደለም። በሁለቱ ጥንዶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሚኒሞው ላይ በጆሮ ይሰማል፤ ትንሿን ሰሌዳ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ባደረግሁ ቁጥር የሞተሯ ድምፅ ሲሰበሰብና ሲበተን ትሰሙታላችሁ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን አብርታችሁ እንዳትተዉ። ቦቢናው ኤሌክትሪክ እየሳበ ሊቆም ይችላል፣ ያኔ እሱም ሳጥኑም ይግላሉ። ባትሪውም ደካማ ከሆነ አትጀምሩት፤ ፑንቲና በደከመ ባትሪም በእግር ሲመቱት ይነሳ ነበር፣ ይህ ግን እንደዚያ አያባብልም።

የድሮውን ሰሌዳ አልጣልኩም። ፑንቲናዎቹ ክፍተታቸው እንደተስተካከለ፣ ኮንደንሰሮቹና ካሙ አብረው፣ በላስቲክ ጠቅልዬ መቀመጫው ሥር አስቀምጫለሁ፤ ሳጥኑ መንገድ ላይ ቢሞት በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ቁልፍ የሚመለስ ነው። ካሙን የሚረሱ አሉ፣ ያለ እሱ ሰሌዳው ለጌጥ ነው። አሁን የቀረኝ ሬጉላተሩ ነው፤ ያውም የድሮው፣ በመገናኛ የሚሠራው። ማታ መብራት አብርቼ ስነዳ ባትሪው ላይ የማየው ቁጥር አላስደሰተኝም፤ ብርዱ ሳይመጣ እሱን እከፍታለሁ።